የቲቪ የድምፅ ውድድር ላይ የሚያሸንፈው ድምፅ ነው ወይስ የሕይወት ታሪክ? እህቴ ልትመዘገብ ነው

የጠባሴ ልጅ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሰዎች። ደብረ ብርሃን ነን። ታናሽ እህቴ ትዘፍናለች። ወንድሟ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፣ እውነት ትችላለች። ትዝታ ስትጫወት ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል።

በቅርቡ ለአንድ የድምፅ ውድድር ፕሮግራም ቪዲዮ ላከች። ስሙን አልጠራም። ደወሉላት። ደስ ብሎን ስልኩን ላውድ አድርገን ከበብናት። ስለ ዘፈን የጠየቋት ትንሽ ነው። የቀረው ሁሉ ወላጅ አጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ጎዳና ያደርሽበት ጊዜ አለ ወይ፣ ከቤተሰብ ተጣልተሽ ወጥተሽ ነበር ወይ የሚል ነው። አባታችን ጡረታ ወጥቶ ቤት ነው ያለው። እናታችን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እህቴም እንደዚያው ነገረቻቸው። ደዋይዋ ትንሽ ዝም አለችና "ሌላ የሚያስለቅስ ነገር የለሽም?" አለቻት። እናቴ ከጓዳ ሆና "እንግዲህ ልሙትላቸው ወይ!" አለች።

"መልሰን እንደውላለን" ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ እህቴ አንድ ታሪክ ልፍጠር እንዴ እያለች ነው።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ደግሞ ፕሮግራሙ እንዲታይ ትንሽ ድራማ ያስፈልገዋል፣ እሱ ይገባኛል፣ ግን መስመሩ የት ጋ ነው? ሳያጭበረብር ብዙ ሰው የሚያየው ውድድር አለ ወይስ የለም?

ብርድ ልብስ

ወንድሜ አትልፋ፣ የተበላ ዕቁብ ነው። ስፖንሰሩ የወደደውን ያሳልፋሉ። እህትህ ድምፅዋን ለሠርግ ትጠቀምበት፣ ቢያንስ እዚያ ሽልማቱ እጅ በእጅ ነው 😂

መምህር ከእነዋሪ

የጠባሴ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስልህ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ወደ ኋላ ብወስድህ አትቀየመኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አሜሪካኖች "ትወንቲ ዋን" የሚባል የጥያቄና መልስ ውድድር ነበራቸው። መስከረም 1956 ሲጀመር ያለ ምንም ማጭበርበር ነበር የተጀመረው። ውጤቱ ግን አሳፋሪ ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን በተከታታይ ሳቱት፣ ሰዓቱ በአላውቅም አለቀ። ስፖንሰሩ ጄሪቶል የሚባል ቶኒክ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር፣ በጣም ተቆጣ። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ መልሱን አስቀድመው ለተወዳዳሪ መስጠት ጀመሩ።

ኸርበርት ስቴምፕል የሚባል ሰው በዚህ መንገድ ሳምንት ከሳምንት አሸነፈ። ልብሱን፣ የፀጉር ቁርጡን፣ ተወዳዳሪው በሚቆምባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኖ ላቡን እንዴት እንደሚጠርግ ሳይቀር አስጠኑት። በኋላ ተመልካቹ ሰለቸው ብለው አሰቡና ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር አመጡ። ከታወቀ የጸሐፊዎች ቤተሰብ ነው፣ መልኩም ለካሜራ ይሆናል። ስቴምፕልን ተሸነፍ አሉት። ጠንቅቆ የሚያውቀውን ጥያቄ ሆን ብሎ ሳተ። ቫን ዶረን 129,000 ዶላር ይዞ ወጣ፣ ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው። በ1959 ግን ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሁሉንም አመነ። የዩኒቨርሲቲ ሥራውንም የቴሌቪዥን ሥራውንም አጣ።

እኔን የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ሰዎች በእርግጥ ያውቁ ነበር! ስቴምፕል ብዙ የሚያስታውስ ጭንቅላት ነበረው፣ ቫን ዶረንም መሃይም አልነበረም። በሐቅ ቢወዳደሩ ደህና ፕሮግራም ይወጣው ነበር፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስፖንሰሩ የፈለገው ደግሞ የሚቀጥለውን ሳምንት ነው። በ1960 አሜሪካ ሕግ አወጣች። የእውቀት፣ የአእምሮ ችሎታ ወይም የዕድል ውድድርን ተመልካችን ለማታለል ብሎ ማስተካከል ወንጀል ሆነ። ስለዚህ "ሁሉም የተበላ ነው" ለሚለው ብርድ ልብስ፣ ልጄ፣ የተበላበት ጊዜ ነበር፣ የበሉትም ተጋልጠዋል።

ቆራጩ

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ። የውድድር ፕሮግራሞችም ላይ ሠርቻለሁ፣ የየትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በመጀመሪያ ለእህትህ የተደወለው ጥሪ የተለመደ ነው። ደስ አይልም ግን የተለመደ ነው። የሚደውሉት ልጆች በብዛት በትንሽ ደሞዝ የሚሠሩ ናቸው፣ አለቃቸው "ታሪክ አምጡ" ብሏቸዋል። አንድ ሰው ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይዘፍናል። ፕሮግራሙ ግን አንድ ሰዓት ነው። መሃሉን የሚሞላው የተወዳዳሪው ሕይወት፣ የዳኞች ፊትና ማስታወቂያ ነው። ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ የሚዞረውም ዘፈኑ አይደለም፣ ለቅሶው ነው። ይሄን ስፖንሰር ክፍል ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

"አሸናፊው ይታወቃል" የሚለውን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ፕሮግራሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የሚተላለፍ ከሆነ እኛ ኤዲት ስናደርግ ማን እስከ የት እንደሄደ እናውቃለን። አውቀን ነው የምንቆርጠው። የሚያሸንፈውን ሰው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እናሳየዋለን፣ ቤተሰቡን፣ ሰፈሩን፣ ሲሳሳትም ሲስተካከልም። በሁለተኛው ሳምንት የሚወጣውን ልጅ ግን ስሙን እንኳ ላትይዙት ትችላላችሁ። ተመልካቹ ይሄን ያሸትታል፣ "ይሄ ልጅ ሊያሸንፍ ነው" ይላል፣ ትክክልም ነው። ግን ዳኝነቱ ተሰርቋል ማለት አይደለም። ዳኛው ሲፈርድ እኔ ገና ፋይሉን እንኳ አልተቀበልኩም።

ኤዲቲንግ ውስጥ የሚሠራ ነውር የለም እያልኩ አይደለም። ዳኛው ለሌላ ሰው የሳቀውን ሳቅ ወስዶ አንተ ስትሳሳት የሳቀ ማስመሰል አለ። ለሁለት ሰዓት ያወራኸውን ቆራርጦ ያላልከውን ዓረፍተ ነገር መስፋት አለ። እንግሊዞች ጋ "ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ" የሚባል የኬክ ውድድር ላይ በ2014 እንደዚህ ያለ ነገር ተነስቶ ነበር። የአንዱን ተወዳዳሪ አይስክሬም ሌላዋ ተወዳዳሪ ከማቀዝቀዣ አወጣችው፣ ቀለጠ፣ ሰውዬው ተናዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ኤዲቱ ያወጣችው ሴትዮ ሆን ብላ ያደረገችው አስመሰለ። አገር ተንጫጫ፣ ክሱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ድረስ ሄደ። አቅራቢዋ ራሷ ትዊተር ላይ ወጥታ ሴትዮዋን ተከላከለች። የሰው ስም እንደዚህ ነው የሚጎዳው።

ግን ልብ በሉ፣ እዚያም ቢሆን ማን ይውጣ የሚለውን የወሰኑት ዳኞቹ ናቸው። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፣ ሰውዬው የሚቀመስ ነገር አላቀረበም። ለእኔ መስመሩ እዚህ ጋ ነው። ታሪኩን ብታጋንን ሰው ይተችሃል፣ ያልፋል። ውጤቱን ከነካህ ግን የምትሸጠው ነገር አልቋል።

ሮቢት ሙቀት

ኧረ እናንተ ሰዎች በጣም አከበዳችሁት። እኔ ቅዳሜ ማታ ቲቪ የምከፍተው ለመዝናናት ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ሲተቃቀፍ አለቅሳለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ እተኛለሁ። ድራማ ባይኖርማ ዘፈን ብቻ ከፈለግሁ ዩቲዩብ አለ አይደል? እህትህ ታሪክ ከሌላት የእናትህን አረቄ ታውራ። ያ ራሱ ምርጥ ታሪክ ነው እኮ! የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጭሱ፣ ሌሊት መነሳት፣ በአረቄ ያደገ ድምፅ። እኔ ብሆን ወዲያው ነበር የማሳልፋት።

ደግሞ ሐቀኛ ውድድር ሁሌ ጥሩ አሸናፊ ያመጣል ያለው ማነው? አሜሪካኖቹ የታዋቂ ሰዎች ዳንስ ውድድር ላይ በ2018 የሬዲዮ አቅራቢ የሆነ ሰው ዳኞቹ ዝቅተኛ ነጥብ እየሰጡት በሕዝብ ድምፅ ብቻ ዋንጫውን በላ። ማንም አላጭበረበረም። ሕዝቡ ወደደው፣ በቃ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ሕጉን ቀየሩት፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ማን ይቅር የሚለውን ዳኞች እንዲወስኑ አደረጉ።

ቆራጩ

@ሮቢት ሙቀት ያመጣኸው ምሳሌ እኮ የእኔን ነው የሚደግፈው 😄 ሕጉን የቀየሩት ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ምዕራፍ፣ በአደባባይ ተናግረው ነው። መሃል ላይ ውጤቱ አልጣመንም ብለው ቢቀይሩት ነበር ማጭበርበር የሚባለው።

የእንግሊዞቹ የዳንስ ውድድር ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በ2008 ጆን ሰርጀንት የሚባል አንጋፋ የፖለቲካ ጋዜጠኛ ዳንስ አይችልም፣ እንጨት ነው፣ ሕዝቡ ግን እየሳቀ ድምፅ ይሰጠው ነበር። ዳኞቹ ተበሳጩ። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ "እውነትም ላሸንፍ እችላለሁ" ብሎ ፈራና ወጣ። በዚያው ዓመት ግማሽ ፍጻሜው ላይ ደግሞ የነጥብ አቆጣጠሩ ችግር ገጠመው። ሁለቱ ጥንዶች በዳኞች ነጥብ እኩል ሆኑ፣ ሦስተኛው ጥንድ ሕዝቡ የፈለገውን ያህል ቢደውልለት እንኳ መዳን የማይችል ሆነ። ቢቢሲ ዝም ብሎ ማስቀጠል ይችል ነበር፣ ማን ያሰላው ነበር? ግን ሦስቱንም ወደ ፍጻሜ አሳለፈ፣ ሕዝቡ የሰጠውንም ድምፅ ይዞ ሄደ። ለአንድ ሳምንት ተሳቀባቸው። ፕሮግራሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የመንዝ ልጅ

እኔ ድራማው ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ቴክስት ነው። ማነው የሚቆጥረው?

እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል መላክ ይችላል። ለእያንዳንዱ ይቆረጥበታል። ስለዚህ የሚቆጠረው ሰው አይደለም፣ ሂሳብ ነው። አጎቱ ሀብታም የሆነ ተወዳዳሪ አንድ ሌሊት ላይ ቀሪውን ሁሉ ጠራርጎ ሊያልፍ ይችላል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ፣ እዚህ መንዝ ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር ኔትወርኩ አብሮት ይሄዳል። የእኛ ልጅ መድረክ ላይ ቆማ "ድምፅ ስጡኝ" ስትል እኛ ስልካችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ቆመናል። አዲስ አበባ ያለው በዚያች ሰዓት ልኮ ጨርሷል።

ቢግ ብራዘር አፍሪካ ይሄን ነገር በደንብ አስቦበት ነበር። የየአገሩ ተመልካች ድምፅ ለብቻው ይቆጠርና አገሩ አንድ ድምፅ ይሆናል። ናይጄሪያ በሕዝብ ብዛት ናሚቢያን አትውጣትም ማለት ነው። በ2013 ያሸነፈችው ናሚቢያዊት ናት፣ የሕዝብ ብዛት ቢሆን ከየት አምጥታ? ፕሮግራሙን ውደዱት ጥሉት፣ ብዙ ሰው ብልግና ነው ብሎ ተቃውሞታል፣ አቆጣጠሩ ግን ብልህ ነው። እኛ ጋ በክልል ወይም በዞን ብለን እንዲህ ብናደርግ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። (ሌላ ጭቅጭቅ እንደሚያመጣም ይገባኛል፣ እሱን አሁን አንክፈተው።)

መጥፎውን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ኮሪያ አለ። "ፕሮዲውስ 101" የሚባል፣ ኤምኔት የሚባለው ጣቢያ የሚያቀርበው፣ ተመልካች ድምፅ እየሰጠ የዘፋኝ ቡድን የሚመርጥበት ውድድር ነው። አራት ምዕራፍ ሄደ፣ ከ2016 እስከ 2019። ሰው የቴክስት ከፍሎ ይመርጣል። አራተኛው ሲያልቅ ተመልካቾች ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ማስላት ጀመሩ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 29,978 ድምፅ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል 29,978። ታች ወርዶም ያው ቁጥር ይደጋገማል። ይሄን ያገኘው ፖሊስ አይደለም፣ የተመልካች ልጆች ናቸው፣ ሂሳብ የሚችሉ። ተደራጅተው ከሰሱ። ዋናው ፕሮዲውሰር በ2020 ሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት። ከአራተኛው ምዕራፍ የወጣው ቡድን በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሰ። አስቡት፣ እውነት ያሸነፉትም ልጆች አብረው ፈረሱ።

ይግባኙን ያየው ፍርድ ቤት ድምፃቸው የተሰረቀባቸውን 12 ልጆች ስም በይፋ አነበበ። ቢያንስ እንዲታወቅላቸው ነው። እኔ ያንን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ሮቢት ሙቀት፣ ይሄኛው ለቅሶ ግን ያለ ኤዲተር ነው።

ብርድ ልብስ

@የመንዝ ልጅ እሺ ይሄን አላውቅም ነበር። ቢሆንም እነሱ ጋ ተመልካቹ አሰላ፣ ፍርድ ቤት ሰማ። እኛ ጋ የድምፅ ቁጥሩን እንኳ ይናገራሉ እንዴ? "በከፍተኛ ድምፅ" ብቻ ነው የምሰማው። ከፍተኛው ስንት ነው?

የመንዝ ልጅ

እኮ! እሱን ነው የምለው። ቁጥሩን የማይናገር ውድድር ቴክስት አትላክ። እኔ አልልክም።

መምህር ከእነዋሪ

ስለ ስልክ ገንዘብ ካነሳችሁ አንድ ልጨምር። እንግሊዝ አገር በ2007 አካባቢ ትልቅ ቅሌት ነበር። ጂኤምቲቪ የሚባል የጠዋት ፕሮግራም ተመልካች በውድ መስመር እየደወለ ሽልማት እንዲወዳደር ይጋብዝ ነበር። ባለዕድሎቹ ግን መስመሩ ሳይዘጋ ተመርጠው ያልቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የደወለው ሁሉ በከንቱ ከፈለ። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት አይቲቪን ደግሞ 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ከጥፋቶቹ አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? ደዋዮችን በዕጣ እንመርጣለን ብለው በሚኖሩበት ቦታና ቲቪ ላይ ምን ያህል ደምቀው ይታያሉ በሚለው እየመረጡ ነበር። ለእህትህ የተደወለውን አስታውስ እንግዲህ፣ የጠባሴ ልጅ። እነዚያ የተቀጡት ደማቅ ሰው ስለፈለጉ አይደለም። ዕጣ ነው ብለው ገንዘብ ስለሰበሰቡ ነው።

ደግሞ የኬኩን ውድድር ጠቅሶት የነበረው ልጅ አንድ ነገር ረሳ። እዚያ ለአሸናፊው ጥሬ ገንዘብ የለም። የኬክ ማስቀመጫና አበባ ነው የሚሰጡት። ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ ይረዳዳሉ። በ2016 ፍጻሜው ላይ ወደ 14 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በ2010 ሲጀምር ግን በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ላይ የነበረ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስድስት ዓመት ፈጀበት። ስድስት ዓመት የሚታገስ ስፖንሰር አምጡልኝ እስቲ።

የጠባሴ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ መምህርን። ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የኮሪያው ላይ "ይሄንን ቁጥር ድገመው" አለችኝ።

እንደሷ ከሆነ ታሪክ አትፈጥርም። እናቴም ሰምታ "የእኔን አረቄ ግን ይጥሩት፣ አላፍርም" ብላለች፣ ሮቢት ሙቀት ምክርህ ተቀባይነት አግኝቷል። መልሰው ከደወሉ እሱኑ ትናገራለች፣ ካልጣማቸው ይቅር።

ግን ቆራጩ፣ አንድ ነገር። ካለፈች ውል ያስፈርሟታል አይደል? ምን ልይላት?

ቆራጩ

ያስፈርሟታል። ያለ ንባብ እንዳትፈርም። ሰው መድረኩን ስለሚጓጓ ቆሞ ይፈርማል።

መጀመሪያ ዳኝነቱ ላይ ምን እንደሚል ተመልከት። ስንት እጅ የዳኛ፣ ስንት እጅ የሕዝብ እንደሆነ ተጽፎ ይሰጣችሁ። አንዳንድ ውል ላይ "አዘጋጁ የውድድሩን ሕግ በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል" የሚል አለ። ውጭ አገርም አለ፣ በመጨረሻ ስሞች ሲያልፉ በትንንሽ ፊደል ዳኞች ከአዘጋጆች ጋር ተመካክረው ወሰኑ ብለው የሚጽፉ አሉ። ያ ካለ ቢያንስ እያወቅህ ግባ። ውድድር መሆኑ ቀርቶ የአዘጋጁ ምርጫ ነው፣ ያም ሥራ ነው፣ ግን ልጅቷ ስትወድቅ ድምፄ መጥፎ ነው ብላ እንዳትሰበር።

ቀጥሎ፣ እና ይሄ ከሽልማቱ ይበልጣል፣ የዘፈነችው ዘፈንና ምስሏ የማን ነው? ለስንት ዓመት? ከወጣች በኋላ ሌላ ቦታ መዝፈን ይከለክሏታል ወይ? ብዙ ልጆች የሚታሰሩት እዚህ ላይ ነው። ባላገሩ አይዶልን ያሸነፈው ዳዊት ጽጌ ከዚያ በኋላ የራሱን ሥራ ይዞ የቆመ ዘፋኝ ሆኗል። መድረክ ሰው ያወጣል፣ አይዋሽም። ግን ከመድረኩ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው ውሉ የሚነካው።

ቃለ መጠይቅ ሲያደርጓት ደግሞ አጭርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገር። "አዎ፣ እሱ ከባድ ነበር" ካለች እኔ የትም ቦታ ልለጥፈው እችላለሁ። "እናቴ ሌሊት ስትነሳ ማየት ከባድ ነበር" ካለች ግን ከዚያ ሌላ የትም አይገባም። የሙያዬን ሚስጥር አወጣሁ፣ አለቃዬ እንዳያይ።

የመንዝ ልጅ

@ቆራጩ ይሄን ለብቻ ፖስት አድርገው በሞቴ፣ ሰው ይጥቀመው።

ሮቢት ሙቀት

እኔ አሁንም ማልቀሴን አልተውም። ግን የጠባሴ ልጅ፣ ካለፈች እዚሁ ጻፍልን። ሮቢትን በሙሉ ቴክስት አስልካለሁ፣ እኛ ጋ ኔትወርክ አለ 😎

ብርድ ልብስ

ቁጥሩን ከተናገሩ እኔም እልካለሁ። ምዝገባው የት ነው ግን? ምንጃር የአክስቴ ልጅ አለ፣ እሱም ይዘፍናል፣ ቤተሰቡም በሙሉ ጤነኛ ነው።